በደማቅ ቀለም ዘመናዊ የራስ ሥዕል አሠራር፦ ከአቡጀዲው እስከ ቫርኒሹ

ፊትን አረንጓዴና ሐምራዊ አድርጎ መቀባት ማንንም አያቅትም። የሚያቅተው፣ ያ አረንጓዴ ፊት የማን እንደሆነ የሚያውቅዎ ሰው ገና ከበር ላይ እንዲለየው ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ቀለሙ የፈለገውን ቢሆን ቶኑ መስተካከል አለበት። ቶን የምንለው አንድ ቀለም ምን ያህል የነጣ ወይም የጠቆረ መሆኑን ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በ1905 እ.ኤ.አ. ሚስቱን ሲስል ከግንባሯ ጀምሮ በአፍንጫዋ ላይ ቁልቁል አረንጓዴ መስመር አወረደ። ሥዕሉ ዛሬ ኮፐንሃገን ይገኛል። መስመሩ ፊቷን ያላበላሸው ብርሃን ያረፈበት ጎንና ጥላ ያረፈበት ጎን በሚገናኙበት ቦታ ላይ ስለዋለና የቦታውን ቶን ስለጠበቀ ነው።

ሌላዋ ልትጠቀስ የሚገባት ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ጋብሪዬለ ሙንተር ናት (1877–1962 እ.ኤ.አ.)። ከትልቅ ከተማ ርቃ በባቫሪያዋ ሙርናው ስትሠራ፣ ወፍራም ጥቁር መስመርንና ጥላ የሌለበትን ዝርግ ቀለም ከአካባቢው ሕዝብ የመስታወት ሥዕል ወሰደች። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጥቁር ጠርዝ፣ ዝርግ ቀለም፣ ትልልቅ ዓይን ድሮም ያለ ነው።

የሚከተለው፣ የራስን ፊት በመስታወት እያዩ የመሳል አሠራር የታሰበው በአዲስ አበባ ዳር፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ፣ አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ይዞ ለሚሠራ ሰው ነው። የሥዕሉ መጠን 50 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ቀለሙ አክሬሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ነው። የዘይት ቀለም ለጠባብ ክፍል ሽታው ይከብዳል፤ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል።

መስኮቱ

ከውጭ የመጡ መጻሕፍት ሁሉ «የሰሜን መስኮት ይምረጡ» ይላሉ። ምክሩ ለአውሮፓ ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የሚሠራው ለዓመቱ ከፊል ብቻ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ 5 አካባቢ እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በእነዚህ ወራት የተረጋጋ ብርሃን የሚሰጠው የደቡብ መስኮት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ የሰሜኑ። ያለዎት የምሥራቅ ወይም የምዕራብ መስኮት ብቻ ከሆነ፣ ፀሐይዋ በተቃራኒው ወገን ባለችበት ግማሽ ቀን ይሥሩ፤ በምሥራቅ መስኮት ከሰዓት፣ በምዕራብ መስኮት ጧት።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መቀመጥ ከመስኮቱ አቅጣጫ በላይ ይጠቅማል። ትናንት ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የተጀመረ ጥላ ዛሬ በ9 ሰዓት ሌላ ቦታ ሄዶ ያገኙታል።

በዳር ሰፈር የሚያስቸግረው የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ነጭ ነጸብራቅ ወደ ክፍሉ ይልካል፤ ደመና ሲመጣ ይጠፋል፤ የፊቱ ጥላም አብሮ ይለዋወጣል። መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ መወጠር ይበቃዋል። የግቢው ግንብ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነና ቀለሙ ጉንጭዎ ላይ ካረፈ ግን አይከልሉት። ያ በነፃ የመጣ የዘመናዊ ሥዕል ቀለም ነው።

በማታ መብራት ቀለም አይቀላቀልም። በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫው የፈዘዘ ስለሚመስል ይበዛል፤ ሰማያዊው ደግሞ የጠቆረ ስለሚመስል ነጭ ይጨመርበታል። ጧት ሲያዩት ሌላ ሥዕል ነው። ማታ መሥራት ግድ ከሆነ መስመር ብቻ ይሥሩ።

አቡጀዲና ፍሬም

ተወጥሮ የተዘጋጀ ሸራ ካገኙ ይህን ክፍል ይዝለሉት። ካላገኙ ከመርካቶ የተገዛ ወፍራም አቡጀዲ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በትንሽ ሳሙና ታጥቦ ስታርቹ ይውጣ። ሳይታጠብ ከተወጠረ ስታርቹ ኮላው ወደ ክሩ እንዳይገባ ስለሚከለክል መደቡ (ቀለሙ የሚያርፍበት ነጭ ሽፋን) ከዓመት በኋላ ይላጣል። ካደረቁት በኋላ ተኩሰው 62 በ72 አድርገው ይቁረጡት።

ለፍሬሙ 2 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በደንብ የደረቀ የጽድ እንጨት ያሠሩ። ለግንባታ የሚሸጠው እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሥዕሉም አብሮ ይጣመማል። አናጢው የውስጥ ጠርዙን በመላጊያ ትንሽ ዘቅዘቅ ያድርግልዎት፤ አለበለዚያ የእንጨቱ ጠርዝ በጨርቁ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ ሁለቱም 78.1 ሳንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ሦስት ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ገና ኮላው ሳይደርቅ ያስተካክሉት።

ሲወጥሩ ከየጎኑ መሃል ይጀምሩ። አንድ ሚስማር ከላይ፣ አንድ ከታች፣ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ እያሉ ወደ ማዕዘኖቹ ይሂዱ። እንደ ከበሮ እስኪጮህ አይወጥሩት፤ አቡጀዲ ኮላ ሲነካው ራሱ ስለሚኮማተር ቀሪውን መወጠር እሱ ይጨርሰዋል።

መደቡ እንዲህ ይዘጋጃል፦

1. አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥነው ጨርቁን አንድ ጊዜ ይቀቡ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።
2. አንድ ኩባያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ግማሽ ኩባያ የተፈጨና በወንፊት የተነፋ ጠመኔ፣ ሩብ ኩባያ ኮላ ይቀላቅሉ። ውፍረቱ የአጥሚት ያህል እስኪሆን ውሃ ጠብ ያድርጉበት።
3. ሦስት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ አንዱን ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ከላይ ወደ ታች። በበጋ በየመሃሉ ሁለት ሰዓት፣ በክረምት ሌሊቱን ሙሉ ያድርቁት። በየመሃሉ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹት።

በጠመኔው ፋንታ የግድግዳ ጀሶ የሚጨምሩ አሉ። ጀሶ ውሃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል፤ ወይ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፣ ወይ ጨርቁ ላይ ይሰነጠቃል። ሲንቴቲክ ቀለምንም በመደብነት አይጠቀሙ፤ ዘይት ስላለበት አክሬሊኩ ከላዩ ላይ እንደ ላስቲክ ተነስቶ ይመጣል።

በመጨረሻ ነጩን መደብ በቀጭን ብርቱካናማ ቡኒ ይሸፍኑት። ኋላ በቀለማቱ መካከል የሚቀሩ ትንንሽ ክፍተቶች ነጭ ሆነው ከሚያፈጡ ሞቀው ቢታዩ ይሻላል።

መስታወቱ

ከ40 በ50 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ሞገድ የሌለበት መስታወት ያስፈልጋል። ሞገዱን ለማወቅ የበር ጠርዝ በመስታወቱ ውስጥ እያዩ ራስዎን ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፤ ጠርዙ ከተጥመለመለ ይመልሱት። ሸራውን በሚጽፉበት እጅ በኩል፣ መስታወቱን በሌላው በኩል አጠገብ ለአጠገብ ያቁሙ። ከመስታወቱ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። በክንድ ርቀት የተነሳ የስልክ ፎቶ ይህን አይተካም፤ ካሜራው ሲቀርብ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮንም ወደ ኋላ ያሸሻል።

አሁን የሥራው ቁልፍ የሆነ አንድ ልኬት አለ። በመስታወቱ ገጽ ላይ የሚታየው ፊትዎ ሁልጊዜ የእውነተኛው ግማሽ ነው፤ ቢቀርቡም ቢርቁም አይለወጥም። ምስሉ እርስዎ ከመስታወቱ የራቁትን ያህል ወደ ኋላ ስለሚርቅ መስታወቱ ሁሌም መሃል ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ በቀጭን የሳሙና ቁራጭ መስታወቱ ላይ ሰባት ምልክት ያድርጉ፦ አናት፣ አገጭ፣ የዓይን መስመር፣ የአፍንጫ ሥር፣ የከንፈሮች መገናኛ፣ የግራና የቀኝ ጉንጭ ዳር። ራስዎ ሳይነቃነቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱት። ከአናት እስከ አገጭ 11 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል።

እያንዳንዱን ርቀት በ2.5 አባዝተው ወደ ሸራው ያስተላልፉ፤ ራስዎ 27 ወይም 28 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዝርግ ቀለም ለመተንፈስ ሰፊ ቦታ ይፈልጋልና ከተፈጥሮ መጠን ትንሽ ከፍ ማለቱ ይጠቅማል። ጸጉርዎ አፍሮ ከሆነ ግን በ2 ያባዙ፤ አለበለዚያ ከሸራው ይወጣል።

በዚህ ደረጃ የሚታየው ትልቁ ስህተት ዓይንን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሃል ላይ ነው። ሰው ግንባርንና ጸጉርን «ባዶ ቦታ» አድርጎ ስለሚያይ ያሳጥራቸዋል። ልኬቱን ይመኑ።

ሙሉ ፊት ወይስ ዘወር ያለ? በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሳሉ ስለነበር ፊት ለፊት የዞረ ራስ ለእኛ ተመልካች ክብደት አለው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ጥቂት ዘወር ያለው ይቀላል፤ ብርሃኑና ጥላው በግልጽ ይለያያሉ።

ከቀለሙ በፊት አራት ቶን

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ሥዕሉም የሚበላሸው እዚህ ነው። በትንሽ ወረቀት ላይ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት ባለው፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው እያዩ ፊትዎን በአራት ቶን ብቻ ይክፈሉት፦ የነጣ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር። በእርሳስ ይበቃል። ጥላው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጠርዙን በመስመር ይቁረጡት፤ አያሹት። ጥላን በጣት አሽቶ ማለስለስ ለእርሳስ ሥዕል ያምራል፣ እዚህ ግን ሥራ ያበዛል፤ የዚህ አሣሣል ውበቱ የቀለማቱ ድንበር ቁርጥ ማለቱ ነው።

ከዚያ በእያንዳንዱ ቶን ላይ አንድ ቀለም ይሰይሙ። የሚያስፈልጉት ቱቦዎች ታይታኒየም ነጭ (ትልቁን)፣ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ኦክር (አፈርማ ቢጫ)፣ ቀይ፣ ማጄንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ፍታሎ ሰማያዊ እና በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡኒ) ናቸው። ጥቁር አይግዙ። ለጠይም ፊት የሚሆን አንድ መነሻ ይኸውና፦

መካከለኛው፦ ሁለት እጅ በርንት ሲዬና፣ አንድ እጅ ቢጫ፣ ጥቂት ቀይ። የሚወጣው የሞቀ ብርቱካናማ ቡኒ ነው።
የነጣው፦ ኦክርና ነጭ እኩል፣ በትንሹ ቀይ።
ጠቆር ያለው፦ ሁለት እጅ ማጄንታ፣ አንድ እጅ አልትራማሪን፣ ቶኑ እስኪስተካከል ጠብታ ነጭ።
ጥቁሩ፦ አልትራማሪንና በርንት ሲዬና እኩል።

በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቀው ቦታ ከመስኮት የገባው ሰማይ ስለሆነ ሰማያዊነት አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ፍታሎ ይጨምሩ፤ በዚያ ላይ አይጨምሩ፣ ፍታሎ ሌላውን ቀለም ይውጣል። በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ይህ ፈዛዛ ሰማያዊ ከማንኛውም ቀለም በላይ ሕይወት ይሰጣል።

ቡኒን በነጭ ብቻ አያንጡ፤ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በቢጫ ወይም በኦክር ከፍ አድርገው ነጩን በመጨረሻ ይጨምሩ። ቢጫንም በጥቁር አያጥቁሩት፤ ወደ ቆሻሻ አረንጓዴ ይሄዳል።

ቶኑ መያዙን ለማወቅ አራቱን ቀለማት ጎን ለጎን ይቀቡና በስልክ ፎቶ አንስተው ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ሐምራዊውና ብርቱካናማው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከወጡ ፊቱ ላይም ተዋህደው ይጠፋሉ። አክሬሊክ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁር አይርሱ፤ ፎቶውን ከደረቀ በኋላ ያንሱ።

መቀባት

በአዲስ አበባ የበጋ አየር አክሬሊክ ሳህን ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቆዳ ያወጣል። ዝርግ ሳህን ላይ በውሃ የራሰ ሶፍት አንጥፈው፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርገው ቀለሙን እዚያ ላይ ያስቀምጡ፤ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ለጀርባው የሚሆነውን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል በአንዴ ቀላቅለው ክዳን ባለው ብልቃጥ ያኑሩት። መሃል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም ዳግም ማግኘት ከባድ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከጨለማ ወደ ብርሃን ነው። በ3 ሳንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ብሩሽ ጥቁሩንና ጠቆር ያለውን በመላ ሥዕሉ ላይ ያስቀምጡ፤ ጸጉር፣ የአንገት ጥላ፣ የዓይን ጉድጓድ፣ የአፍንጫ ጎን። ቀጥሎ መካከለኛውን፣ ከዚያ የነጣውን። እያንዳንዱ ቅብ አንድ ጊዜ አርፎ ይተው። በከፊል የደረቀ አክሬሊክ ላይ ብሩሽ ከመለሱ ከሥሩ ተልጦ ይነሳል፤ ሃያ ደቂቃ ጠብቀው በላዩ ይቀቡት።

ሁሉም ቀለም ከደመቀ አንዱም አይደምቅም። ከሸራው ሲሶ ያህሉ ዝም ያለ ቀለም ይሁን። ዝም ማሰኘት የሚቻለው ተቃራኒውን በመጨመር ነው፤ ለብርቱካናማ ጥቂት ሰማያዊ፣ ለሐምራዊ ጥቂት ቢጫ።

ነጠላ ለብሰው ከሆነ ነጭ ቱቦውን ወስደው አይቀቡት። ጥላው ፈዛዛ ሐምራዊ፣ ብርሃኑ በኦክር የሞቀ ነጭ ይሁን፤ ንጹሕ ነጭ ትከሻ ላይ አንድ ቦታ ብቻ። ጥበቡን ክር በክር መቁጠር አያስፈልግም፤ በጠባብ ጠፍጣፋ ብሩሽ ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ሲጫን ዓይን ራሱ ጥበብ አድርጎ ያነበዋል። ደግሞም መስታወት ሁሉን ይገለብጣል፦ የነጠላው ትከሻ፣ የጸጉር ክፍፍል፣ ብሩሽ የያዘው እጅ። እንደታየው መተው የተለመደ ነው፤ ዘመድ «ይሄ ማነው?» ካለ ግን ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ዓይንን ድካም ሳይመጣ፣ በተቀመጡ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይሥሩ። የራስ ሥዕል ሁሉ ቁጡ መስሎ የሚወጣው ሰው ሲያተኩር ቅንድቡን ስለሚቋጥር ነው። ሌላም ችግር አለ። በመስታወት ሁለቱን ዓይኖች በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም፤ አንዱን ሲያዩ ሌላው ይዞራል፣ ሥዕሉም ይንሸዋረራል። መስታወቱ ላይ፣ አፍንጫው በሁለቱ ዓይኖች መካከል በሚነሳበት ቦታ፣ ትንሽ ነጥብ ለጥፈው ሁለቱንም ብሌን ያንን ነጥብ እያዩ ቦታ ያስይዙ። የዓይን ነጩ ግራጫማ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ከሆነ ያፈጣል።

ለጀርባው ከመስኮቱ የሚታየው ይበቃል። በምሥራቅ ዳር የረር፣ በምዕራብ ዳር ወጨጫ አለ፤ አንድ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ግራጫ አረንጓዴ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀይ ቅርጽ። የሞቀ ፊት በቀዘቀዘ ጀርባ ላይ ወደ ፊት ይወጣል። የተራራው ጫፍ ከአናትዎ ላይ አይነሳ፤ አድማሱም አንገትን አይቁረጥ፣ ወደ ትከሻ ያውርዱት።

መስመሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲዬና የተሠራው ጥቁር ሰማያዊ ከቱቦ ጥቁር ይሻላል፤ ቱቦው ጥቁር ቀዳዳ ይመስላል። በመንጋጋና በትከሻ 6 ሚሊ ሜትር፣ በላይኛው ሽፋሽፍት ሥር 2 ሚሊ ሜትር። ከንፈርን ዙሪያውን አይክበቡት፤ የሁለቱ ከንፈሮች መገናኛ ብቻ ይበቃዋል። ብርሃን ባረፈበት ጉንጭ በኩል መስመሩ ቢቋረጥ ጥሩ ነው። መስመር ሁሉ እኩል ከወፈረ የልጆች ማቅለሚያ ደብተር ይሆናል።

መስመር በሠሩ ቁጥር ተነስተው ከአራት ሜትር ያህል ይዩት፤ ክፍሉ ከጠበበ ከግቢ በመስኮት። ደማቅ ቀለም በእውነተኛ ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚሸከም ለማየት ደግሞ አንድ ቀን ወጥቶ አዲስ አበባ በሚገኘው፣ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በተመለሰው በሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሎቹ ፊት መቆም ከብዙ የስልክ ፎቶ ይበልጣል።

ማድረቅ፣ ቫርኒሽ፣ መጓጓዝ

አክሬሊክ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሲደርቅ ሽፋኑ በደንብ አይያያዝም፤ ይሰነጠቃል ወይም ዱቄት ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ የዳር ሰፈር ሌሊት ከዚያ ሊወርድ ስለሚችል ገና የተቀባውን ሥዕል በረንዳ ላይ አያሳድሩ።

ቫርኒሽ ከመቀባትዎ በፊት ሦስት ቀን ይቆይ። አስፋልት በሌለበት ሰፈር የበጋ አቧራ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ከተቀመጠ አይወጣም፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው፣ መስኮት ዘግተው፣ ሥዕሉን አጋድመው ሁለት ስስ ቅብ የአክሬሊክ ቫርኒሽ ይስጡት።

በሚኒባስ ሲወሰድ ፊቱን በፌስታል አይጠቅልሉ። አክሬሊክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከፌስታሉም ጋር ይጣበቃል። የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ካርቶን። ሁለት ሥዕል ካለ ፊት ለፊት አያገናኟቸው። ቤት ውስጥ ሲሰቀል፣ በተለይ በክረምት እርጥበት በሚስብ የብሎኬት ግድግዳ ላይ፣ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ጥግ ሁለት ሳንቲ ሜትር የቡሽ ቁራጭ ይለጥፉ፤ አየር ካልገባበት አቡጀዲው ከኋላ ይሻግታል።